በላይኛው መስመር ላይ አራት የለም

ፖርቶ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1999

ለተከበሩ አክስቴ ኢርምጋርድ፣

አዲሱን ዓመት በጤና እንደተቀበሉት ተስፋ አደርጋለሁ። ብርዱ ጉልበትዎን እንዳያብስብዎት እግዚአብሔርን እየለመንኩ ነው የምጽፈው። እዚህ በረዶ የለም። ዝናቡ ግን ከኖቬምበር ወዲህ አላባራም፤ ፒያኖዬም እንደ እኔው እርጥበት ጠጥቶ ድምፁ ደክሟል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ቆይቼ አሁን ለጉዳይ ስጽፍልዎ አፍራለሁ። ረስተውኝ ከሆነ፣ የባለቤትዎ የእህታቸው የልጅ ልጅ ነኝ፤ በአጎቴ ጎትሆልድ ቀብር ላይ ኦርጋኑን የተጫወትኩት።

ጉዳዩ ይህ ነው። በአገራችን በሃሌ ከተማ በአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የፒያኖ መምህር ቦታ ተከፍቷል። አመልካቾችን ሜይ 20 ያዳምጣሉ። እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል። ዘጠኝ ዓመት እዚህ በሆቴል አዳራሽ እራት ለሚበሉ ሰዎች ስጫወት፣ መማር የማይፈልጉ ልጆችን ሳስተምር ኖርኩ። አገሬ የምገባበት ሌላ በር አይታየኝም። ይህ ካመለጠኝ በዚህ ዕድሜ ደግሞ የሚጠራኝ የለም።

እንድንጫወት የታዘዝነው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለጥንቱ መሣሪያ የተጻፈ አንድ ሙሉ ስዊት፣ የውዝዋዜ ዜማዎች ስብስብ፣ ነው፤ ከመክፈቻው ከአልማንዱ፣ በዝግተኛው በሳራባንዱ አልፎ፣ እስከ መዝጊያው እስከ ዢጉ። እንደሚያውቁት እያንዳንዱ ውዝዋዜ ሁለት ግማሽ አለው፤ እያንዳንዱም ግማሽ ሁለት ጊዜ ይጫወታል። ሌላ ቦታ ዳኞች ጊዜ ለመቆጠብ ድግግሞሹን ያስቀሩታል። እነዚህ ግን «ከነድግግሞሹ» ብለው ከሥሩ አስምረውበታል። ከዳኞቹ አንዱ በልጅነታቸው የአጎቴ ተማሪ የነበሩት ዶክተር ዛይደል ናቸው።

አጎቴ የጣት ቁጥሮችን፣ የትኛው ድምፅ በየትኛው ጣት እንደሚመታ፣ በእርሳስ የጻፉበትን ቡናማ የኖታ መጽሐፍ ቢያውሱኝ? በጥንቃቄ ይዤ በእጄ እመልስልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣ ኮርዱላ

ቲፈንሮዳ፣ ጃንዋሪ 30

ለኮርዱላ፣

እግዚአብሔር ደጅሽን ይጠብቅልሽ። እኔ ከጉልበቴ፣ ከጆሮዬ ጩኸትና ከጎረቤቴ ከፍራው ኬስለር በቀር ደህና ነኝ። አልረሳሁሽም። በቀብሩ ላይ ቸኩለሽ ነበር የተጫወትሽው።

የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከአንዲት ቬትናማዊትና ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ትምህርት በምጀምርበት ዘመን ትምህርት ቤታችን የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ፤ ከዚያ ስደት መጣ፤ ከዚያ በሰው ቤት ወለል ማጠብ። ጎትሆልድ የግማሽ ከተማውን ልጅ ኖታ አስተምሯል። እኔን ግን «እኔ እያለሁልሽ ፊደል ምን ያደርግልሻል?» ነበር የሚለኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አሁን የሚያፍርብኝ ሰው ስለሞተ ነገርኩሽ።

መጽሐፉ ያለው በፒያኖው ወንበር ሆድ ውስጥ ነው። የምትፈልጊው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ዛይደል ባለፈው መከር መጥቶ ነበር።

«ፍራው ካንቶር» አለኝ። ዛሬም በባሌ፣ በመዘምራን መሪው፣ ማዕረግ ነው የሚጠራኝ፤ የራሴ ስም ያለኝ አይመስለውም። «ይህ መጽሐፍ የአገር ቅርስ ነው።»

«እኔ አቧራውን ስጠርግለት አገሩ የት ነበር?»

«መምህራችን የጥንቶቹን የጣት አካሄድ ከሦስት መቶ ዓመት መቃብር ቆፍረው ነው ያወጡት፤ ብቻቸውን! መጽሔት ላይ ጽፌዋለሁ፤ መጽሐፍም አድርጌዋለሁ።»

«ኬክ ልጨምርልህ?»

«ትንሽ ብቻ።»

ሦስት ቁራጭ በላ። በልጅነቱም እንዲሁ ነበር። መጽሐፉን ግን አልሰጠሁትም።

አንቺም ለምን እንደፈለግሽው በደንብ ጻፊልኝ። የራስሽ ጣት እያለሽ የሞተ ሰው ጣት ምን ያደርግልሻል?

የጎትሆልድ ባለቤት፣ ኢርምጋርድ

ፖርቶ፣ ማርች 4

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስለ ፊደል የነገሩኝን በኀዘንም በአክብሮትም አነበብኩት።

ለምን እንደፈለግሁት ልንገርዎ። አጎቴ የተጫወቱበት አሮጌ ካሴት አለኝ። በእሳቸው እጅ ድምፆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይራመዳሉ፤ በየጥንዱ መካከል ትንሽ ትንፋሽ አለ። እኔ እንደተማርኩት አድርጌ ስጫወተው ሁሉም እንደ ዘይት ይፈስሳል። ዘመናዊው ፒያኖ ለዚህ ሙዚቃ ከባድ ነው፤ ቁልፉ ይከብዳል፣ ድምፁ ይረዝማል። ድምፅ የሚያረዝመውን የእግር ፔዳል ጨርሼ ተውኩት። እሱም አልበቃ አለ።

ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ። በሳራባንዱ ላይ ትሪሎቹን፣ ሁለት ድምፅ እያፈራረቁ የሚያርገበግቡባቸውን ጌጦች፣ አጎቴ ብዙዎቹን አስቀርተዋቸዋል። በእርግጥ አምነውበት ነው? ሰው ሁሉ ድግግሞሹ ላይ ጌጥ ሲጨምር እሳቸው ለምን ይቀንሳሉ? ደግሞስ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ሲጫወቱ እጃቸው ይደክም ነበር? የመጨረሻውን እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አክባሪዎ፣ ኮርዱላ

ቲፈንሮዳ፣ ማርች 14

ለኮርዱላ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በረዶው ቀለጠ፤ ጭቃው ተተካ። ጉልበቴ ሁለቱንም አይወድም።

ለጥያቄሽ፣ ለተማሪዎቹ የሚነግራቸውን እነግርሻለሁ። ትምህርቱን ሁሉ የሰማሁት ከወጥ ቤት ሆኜ ድንች እየላጥሁ ነው። አንድ ቀን የሥጋ ሻጩ ልጅ «መምህር፣ እዚህ ላይ እኮ ትሪል ተጽፏል» አለችው።

«ተጽፏል፤ ድምፁ ቶሎ ለሚሞት መሣሪያ ነው የተጻፈው። የዚያን ዘመን ሰው የሚያርገበግበው ድምፁ እንዳይሞትበት ነው። ይሄ ፒያኖ ረጅም ትንፋሽ አለው፤ አታስጨንቂው።»

«ታዲያ መቼ ላርገብግብ?»

«ስታገቢ።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም በወጥ ቤት ሳቅሁ። አምኖበት ነው ወይ አልሽ። ሰው ያቃተውን ነገር ቶሎ ነው የሚያምንበት።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ፊደል ያየሁት አርጅቼ ስለሆነ እንደ ሰው ፊት ነው የማየው። የጃንዋሪው ደብዳቤሽ ላይ ፊደሎችሽ ወደ ፊት አዘንብለው እንደ ዝይ ሰልፍ ይሄዱ ነበር። የማርቹ ላይ ወደ ኋላ ተገፍተዋል፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል፤ ጭራ ያላቸውም ጭራቸውን አጥተዋል። ሰው በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ አይጽፍም፤ የያዘው ነገር ከሌለ በቀር።

የትኛው ጣትሽ ነው?

ኢርምጋርድ፣ የጎትሆልድ ባለቤት

ፖርቶ፣ ኤፕሪል 10

ለተከበሩ አክስቴ፣

በዓለ ትንሣኤውን በሰላም እንዳሳለፉ እምነቴ ነው። ደብዳቤውን በጽሕፈት መኪና በመጻፌ አይቀየሙኝ፤ ይፈጥንልኛል ብዬ ነው። እዚህ ፀሐይ ወጥቷል። ሆቴሉም አዳራሹን እያደሰ ስለሆነ ለጥቂት ሳምንት አልጫወትም።

መጽሐፉን መላክ አያስፈልግዎትም። ብዙ አሰብኩበትና ከሃሌው ውድድር ለመውጣት ወስኛለሁ።

ግን ያለ ምክንያት ከወጣሁ ዳግመኛ አይጠሩኝም። እውነተኛውን ምክንያት ከጻፍኩ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በእኛ ሙያ «እጇ» የሚል ወሬ አንዴ ከተነሳ ሰውየው በቁሙ ይቀበራል። ማንም የማይከራከርበት ምክንያት የቤተሰብ ሕመም ነው። ስለዚህ አክስቴ በጽኑ ታመዋል፣ የማስታምማቸው እኔ ነኝ ብዬ እንድጽፍ ይፈቅዱልኛል? ዶክተር ዛይደል እርስዎን ስለሚያውቁ ያምኑኛል። አጎቴም አንድ ጊዜ ስለ እርስዎ ብለው ትልቅ ቦታ እንደተዉ ዶክተር ዛይደል ራሳቸው ነግረውኛል።

አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

ኮርዱላ

ቲፈንሮዳ፣ ኤፕሪል 16

ኮርዱላ፣

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥሽ። ለእኔም ትዕግሥት ይስጠኝ፤ ይህን ደብዳቤ ሦስት ቀን ነው የጻፍኩት።

አልፈቅድም።

ለምን እንደሆነ ስሚ። ጎትሆልድን ሳገባው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በእኛ ልማድ ቀለበቱ በቀኝ እጅ እንደሚጠለቅ ታውቂያለሽ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳጠልቅለት ጣቱ እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ፤ ሊረዳኝም ቀና አላለም። በጦርነቱ ጊዜ በሃያ ዓመቱ ምሥራቅ ግንባር ላይ ብርድ መትቶት ነበር። አልተቆረጠም። ሲያዩት ደህና ጣት ነው፤ ብቻውን ግን አይነሳም። በዚያው ሳምንት ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ሆንኩ። የቼሪ ጠጠር የሞላ ከረጢት ምድጃ ላይ እያሞቅሁ እጁ ላይ የማስቀምጠውም እኔ።

«ማንም እንዳያውቅ» አለኝ።

«እሺ።»

«አንቺም ማንበብ እንደማትችይ ማንም አያውቅም።»

«እሺ።»

ከመሐላችን ይልቅ የጠበቅነው ይህን ነው።

በ1961 ከትልቁ ከተማ ለመምህርነት ጠሩት። በብዙ ሰው ፊት፣ በአዋቂዎች ፊት መጫወት ነበረበት። አልሄደም። ለእኔ «ከተማ አልወድም» አለኝ፤ አመንኩት። በዚያው ክረምት የፋርማሲው ባለቤት ሚስት፣ ይህችው ፍራው ኬስለር፣ አንድ ድስት የዶሮ ሾርባ ይዛ በሬን አንኳኳች።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ለጤናሽ ነዋ፣ ምስኪን! ጠጪው፤ እንዳታፍሪ።»

በየሳምንቱ ታመጣ ጀመር። ሌሎቹም ቀጠሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስገባ ሹክሹክታው ይቆማል። ልጅ አልወለድንም፤ እሱንም በሕመሜ ቆጠሩት። ጎትሆልድን «እነዚህ ሴቶች ምን ሆነው ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ደጎች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው» አለኝ። እኔም ስደተኛ ስለሆንኩ አዝነውልኝ መሰለኝና እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ።

ከሞተ በኋላ ፊደል ተማርኩ። እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ የዛይደል ነው፤ ስለ ባሌ የተጻፈ ስለሆነ ኮርቼ ገዛሁት። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እየጎተትሁ አሥራ አንደኛው ገጽ ደረስኩ። «የባለቤቱ ጽኑ ሕመም ታላቁን መምህር በትንሿ ከተማ አስቀረው» ይላል። አዲስ አንባቢ ነኝና ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈትሁ። የላከው ደብዳቤ ቅጂ እዚያው ነበር። «ባለቤቴ በጽኑ ስለታመመች።» ያንን ደብዳቤ ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ ካልሲውን እየጠቀምኩለት ነበር። ወረቀቱም ፊቴ ነበር።

በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ጉንፋን ይዞኛል። ሌላ ታምሜ አላውቅም።

ለዚህ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ታምሜአለሁ፤ ሠላሳ ዓመት። ደግመሽ አታሳምሚኝ።

መጽሐፉን ዛሬ በአደራ ፖስታ ልኬልሻለሁ። ስትከፍቺው ቁጥሮቹን እይ። እኔ ያን ጊዜ ፊደል ባላውቅም ቁጥር አውቅ ነበር፤ በካልሲ ፋብሪካ የሹራብ ዓይን ስቆጥር ነው የኖርኩት። በታችኛው መስመር፣ ለግራ እጅ፣ አራት ቁጥር፣ የቀለበት ጣት ማለት ነው፣ ሞልቷል። በላይኛው መስመር ላይ፣ ለቀኝ እጅ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት አለ። አራት የለም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም አራት የለም። ዛይደል ይህን የጥንቶቹ ሥርዓት ነው ይላል። ጥንቶቹ እንዴት እንደተጫወቱ እኔ አላውቅም፤ ይህኛው ግን የአንድ በብርድ የተመታ ወታደር ሥርዓት ነው። ሠላሳ ተማሪ ደህና ጣቱን ሥራ አስፈትቶ ተማረው። የሥጋ ሻጩ ልጅማ ያንን ጣቷን እንደ እመቤት ሻይ አጠጣጥ ሽቅብ ቀስራ ነበር የምትጫወተው።

ነገር ግን ውሸታም ነበር ብዬ እንዳልጻፍኩልሽ አስተውይ። በሁለት ጣት ብቻ እየተሻገረ ስለሚሄድ ነው ድምፆቹ ጥንድ ጥንድ የሆኑት። በበረዶ ላይ እንደሚሄዱ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ ይራመዳል፣ ሌላውን ይጠብቃል። ሳራባንዱ ላይ ሁለተኛው ጊዜ ሲደርስ እጁ ይደክማል፤ አዎ፣ ይደክም ነበር። ሲደክም ጌጡን ይተወዋል፤ ባዶው ዜማ ብቻ ይቀራል። እኔም ያን ጊዜ ድንች መላጤን አቆማለሁ። አንድም ቀን ግን «ግቢና ተቀምጠሽ ስሚ» ብሎኝ አያውቅም።

ከፈለግሽ ለዳኞቹ ንገሪያቸው። የሞተ ሰው አያፍርም። እኔ ደግሞ ሰልችቶኛል።

ኢርምጋርድ

ሃሌ፣ ሜይ 21

አክስቴ ኢርምጋርድ፣

ሰላምዎ እንደ ጸሎቴ ይሁን። በእጄ ነው የጻፍኩት፤ ቢያስጠላም ይታገሡኝ።

የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር ጀመረኝ። አያመኝም፤ ትሪል ልጫወት ስል ወደ መዳፌ ይታጠፋል። የመጀመሪያውን ጊዜ ይታዘዘኛል፤ ድግግሞሹ ላይ ይከዳኛል። ሐኪሙ ስም ሰጠው፤ መድኃኒት ግን አልሰጠውም። ለሰው ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው ልል ነበር። አይደለም፤ ትናንት ለአምስት ሰው ተናገርኩት።

መጽሐፉ እንደደረሰኝ አራት ሳምንት በአጎቴ ቁጥር ብቻ ተለማመድኩ። እንደ ሕፃን ከአልማንዱ ጀመርኩ። ትናንት ከነድግግሞሹ ተጫወትሁት። ሳራባንዱ ሁለተኛ ግማሽ ላይ፣ ሁለተኛው ጊዜ፣ ጣቴ ታጠፈ። ተኝቶ እንዲቆይ ተውኩት። ጌጦቹን ጥዬ በቀሩት ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ዢጉ እንዴት እንዳለቀ አላስታውሰውም።

ዶክተር ዛይደል ከወንበራቸው ተነሡ። «ይሄ የመምህሬ አካሄድ ነው! ሰማችሁ? የጥንቶቹ ሥርዓት ማለት ይህ ነው።»

«ሥርዓት አይደለም፣ ዶክተር» አልኩ። «አጎቴ በጦርነት ጊዜ ጣታቸውን ብርድ መትቶት ነበር። የእኔም እየከዳኝ ነው።»

ከዳኞቹ አንዷ ሴትዮ እንደ ሳል አድርጋ ሳቋን ዋጠች። ዶክተር ዛይደል ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት። ያን ጣት ከፍ ዝቅ አደረጉት፤ የሰው ዕቃ የተበደሩ ይመስሉ ነበር።

«አርባ አምስት ዓመት» አሉ። ቀጥለውም «ፍራው ካንቶር ያውቁ ነበር?»

«የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ታመውም አያውቁም።»

ቦታውን አላገኘሁም። አሥር ጣቱ ለሚሠራ የሪጋ ልጅ ሰጡት፤ ደግሞም ግሩም ተጫውቷል፤ ልቀየመው አልችልም። ሳቋን የዋጠችው ሴትዮ ግን በኮሪደሩ ተከትላኝ መጣች። እጇ የተጎዳ አንዲት ተማሪ አለችኝ፣ ይህን አካሄድ ታሳያታለሽ ወይ አለችኝ። እስቲ ላስብበት አልኩ። ደክሞኛል፣ አክስቴ። ግን ማንም ታሟል ብዬ አልጻፍኩም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ በባቡር መጥቼ መጽሐፉን በእጅዎ አስረክባለሁ።

ኮርዱላ

ቲፈንሮዳ፣ ሜይ 29

ለኮርዱላ፣

እንኳን በሰላም ወጣሽ። ቦታውን ባለማግኘትሽ አዘንኩ፤ የሚያጽናና ቃል ግን አልችልበትም፤ ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ዛይደል መጥቶ ነበር። አንድ ቁራጭ ኬክ ብቻ በላ።

«በሚቀጥለው እትም አሥራ አንደኛውን ገጽ አርመዋለሁ» አለኝ።

«ምን ብለህ?»

«ባለቤቱ ጤነኛ ነበረች ብዬ።»

«ባለቤቱ ስም አላት።»

ብዕሩን አውጥቶ ጻፈው። አጻጻፉን አየሁለት፤ አልተሳሳተም።

ከዚያ ኮቴን ደርቤ ወደ ፍራው ኬስለር ተሻገርኩ። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ሄዷል።

«በዚያ ክረምት አላመመኝም ነበር!» አልኳት።

«ምን?»

«አላመመኝም ነበር! በስልሳ አንድ! ምንም አልሆንኩም ነበር!»

መነጽሯን አድርጋ አየችኝ።

«ታዲያ ሾርባዬን ለምን ጠጣሽው?» አለችኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚህች ሴት የምነግራትን ሳዘጋጅ ኖሬ፣ «ይጣፍጥ ነበር» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ይጣፍጥ ነበር።

እሑድ ስትመጪ ምሳውን ቀድሜ እሠራለሁ። ድንቹን ቅዳሜ እልጠዋለሁ። ሳራባንዱን ትጫወቺልኛለሽ፤ ሁለቱንም ግማሽ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። የወጥ ቤቱን በር ዘግቼ፣ ፒያኖው ካለበት ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።

ኢርምጋርድ